የመሃሎቹ መቶ ብልቃጦች

ውድ እህቴ፣

«ውድ» ያልኩሽ ደብዳቤ በዚህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጪው። ጤናሽንም አልጠይቅሽም። እማዬ በየቀኑ ስልክ ስታወራሽ ደህንነትሽ በግድግዳው በኩል አልፎ ይሰማኛል፤ ከበቂ በላይ ደህና ነሽ።

የላክሽው ቢጫ ፖስታ ማክሰኞ ደረሰኝ። ውስጡ ሁለት ገጽ ደብዳቤ፣ ፊርማ የሚጠብቅ አንድ ቅጽና አንድ ፎቶግራፍ ነበር። በሁለት ገጽ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ «እትዬ» ብለሽኛል። ልጅ ሳለሽ እንኳ እንዲህ አላበዛሽብኝም። ያኔ «እትዬ» የምትይኝ ወይ ጫማዬን ስትፈልጊ ነበር፣ ወይ ያጠፋሽውን እንድሸፍንልሽ። ስለዚህ ቅጹን ገልጬ ሳላየው ነገሩ ገብቶኝ ነበር።

ቅጹ እንዲህ ይላል፦ «ከሁለት ዓመት በፊት በተካሄደው የማድረቅ ሥራ የሙቀት መለኪያው በመደርደሪያው መሃል ባለ ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ እንደነበረ፣ ማሽኑን አንቀሳቅስ የነበርኩት እኔ አረጋግጣለሁ።» ከሥሩ ለእኔ የተተወ ባዶ መስመር አለ። «አንዲት ፊርማ ናት እትዬ፣ መዝገቡ ላይ ክፍት የቀረች አንዲት ቦታ፤ ተቆጣጣሪዎቹ የማድረቂያ ዘዴዬን ሳይፈቅዱ የቆሙት እሷን ይዘው ነው» ብለሻል።

እማዬ እንደሆነች መነጽሯን አድርጋ ከእኔ ቀድማ አንብባዋለች።

«ፈርሚላት እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ።

«ውሸት ነው እማዬ።»

«የምን ውሸት አመጣሽ? የት እንዳስቀመጥሽው ነው የጠየቁሽ። ዕቃ የት እንደተቀመጠ መናገር ምን ነውር አለው?»

«እዚያ አይደለማ የተቀመጠው።»

«ታዲያ ይሄን ሁለት ዓመት ማንን ጎዳ?» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። እማዬ ብልቃጡ ውስጥ ምን እንዳለ አታውቅም፣ አልፈርድባትም። አንቺ ግን ታውቂያለሽ።

ይህ ደብዳቤ ነገ ከነገ ወዲያ ሌላ ሰው እጅ ሊገባ ይችላልና ከሥሩ ልጻፈው። የረሳሽም ካለ ያስታውስሻል።

ወደዚያ ላብራቶሪ ያስገባሁሽ እኔ ነኝ። አንቺ በትምህርት ትበልጪኝ ነበር፤ እኔ ግን ማሽኑን ዘጠኝ ዓመት ኖሬበታለሁ። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲያዩት ተራ ውሃ ነው። በውስጡ ግን ጂን የተሸከሙ ቅንጣቶች አሉ፦ ክፋቱ ወጥቶለት ቅርፊቱ ብቻ የቀረ ቫይረስ፣ ለታመመ ልጅ የጎደለውን ጂን በሆዱ ይዞ የሚጓዝ። እርጥቡን ለዓመታት ማቆየት የሚቻለው ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ ነው፤ እንዲህ ያለ ፍሪዘር ያለው ሆስፒታል ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው። ከደረቀ ግን በተራ ፍሪጅ ዓመታት ይቆያል። የእኛ ሥራ ማድረቅ ነበር። ፈሳሹን ከስኳር ጋር እናቀዘቅዘዋለን፣ ፓምፑ አየሩን ይመጠዋል፣ በረዶው ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ይተናል። ብልቃጡ ውስጥ ነጭ፣ ቀላል፣ እኛ ኬክ የምንለው ነገር ቆሞ ይቀራል። በረዶው ሳያልቅ ከሞቀ ግን ይቀልጣል፣ ኬኩ ይሰምጣል፣ ቅንጣቶቹም እርስ በርስ ተጣብቀው ይሞታሉ።

የማሽኑን በር መጀመሪያ የከፈትኩልሽ ቀን ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ። በረዶው እስካለ ድረስ ብልቃጡ ከመደርደሪያው ይቀዘቅዛል፤ በረዶው ሲያልቅ ሙቀታቸው እኩል ይሆናል፤ መለኪያው የሚነግረን ይህን ነው አልኩሽ። ቀጥዬም የዳር ብልቃጥ አይታመንም አልኩሽ። በሩና ግድግዳው ስለሚያሞቁት ቀድሞ ይደርቃል፣ የመሃሉ በጎረቤቶቹ ተከብቦ ወደ ኋላ ይቀራል። «መለኪያውን ሁልጊዜ መሃል አድርጊ። የሚጠየቀው መጨረሻ የሚደርሰው ነው» ስልሽ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ደብተርሽ ላይ ጻፍሽው። «እትዬ፣ አንቺ እኮ ስለ ብልቃጥ ስታወሪ ሰፈር የምታሚ ነው የምትመስይው!» ብለሽም ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ። ያኔ እወድሽ ነበር።

በር ላይ ያለው ጥበቃ «ቶሎ ቶሎ» የሚል ስም ያወጣልሽ ቦርሳሽን እስኪፈትሽልሽ መቆም አቅቶሽ ነው። ባለፍሽ ቁጥር ከኋላሽ «ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰምበሌጥ» ይል ነበር፤ እኔ ደግሞ በእህቴ ቀልድ አልወድም ብዬ ለሁለት ወር ሰላምታ ነሳሁት። ከዚያ ወዲህ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ያን ቀን መቶ ዘጠና ስድስት ብልቃጥ ነበር፣ አሥራ አራት በአሥራ አራት። እኔ ስያሜ ስለጥፍ አንቺ ደረደርሽ። መለኪያውን መሃል ለማስገባት ሽቦውን በስንት ብልቃጥ አናት ላይ ማሳለፍ ነው፤ አንዱ ከወደቀ ሁሉም ይወድቅና እንደገና መደርደር ይመጣል። አንቺ ደግሞ ውጤትሽን የምታቀርቢበት ስብሰባ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። በሩ ተዘግቶ ማቀዝቀዝ ከጀመረ በኋላ በመስታወቱ ሳይ ሽቦው ከበሩ ጥግ ባለ ብልቃጥ ውስጥ ገብቷል።

«መለኪያው የት ነው?»

«ገብቷል።»

«የት ነው ያልኩሽ።»

«እትዬ በናትሽ! ሁሉም እዚያው መደርደሪያ ላይ አይደል?»

መዝገቡ ላይ «የመለኪያው ቦታ» የሚለውን መስመር ክፍት የተውኩት ያኔ ነው። የረሳሁት መስሎሽ ኖሯል መሰለኝ፣ ደብዳቤሽ ላይ «በጥድፊያ የቀረች» ብለሻታል። እኔ በጥድፊያ የሚቀርብኝ ነገር የለም። እውነቱን ብጽፍ አጋልጥሻለሁ፣ ውሸት ብጽፍ እዋሻለሁ ብዬ ባዶ ተውኩት። ያ የእኔ ጥፋት ነው፤ ለእኔ የሚቆጠረው ላይ ስደርስ እመለስበታለሁ።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ የመለኪያው ቁጥር ወጥቶ ከመደርደሪያው ሙቀት ጋር እኩል ሆነ። «ደርቋል» አልሽ። የደረቀው ዳሩ ነው አልኩሽ። ቫልቩን ለሁለት ደቂቃ ዘግተን ግፊቱን እንይ፣ በረዶ ከቀረ እንፋሎቱ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል፣ ወዲያው እናውቃለን አልኩሽ። ሁለት ደቂቃ! «አንቺ ሁሌም ፈሪ ነሽ» ብለሽ ማሞቂያውን ተጫንሽው። እኔ አጠገብሽ ቆሜ ነበር። እጅሽን አልያዝኩትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩን ስንከፍት አለቃችን አብሮን ነበር። ዙሪያውን ያሉት ሁለት ሁለት ረድፎች፣ ዘጠና ስድስቱ፣ ነጭ ሆነው ቆመዋል። የመሃሎቹ መቶ ግን ከብልቃጡ ሥር ተሸብሽበው የደረቀ ሙጫ ሆነዋል። አለቃችን የብዕሩን ጫፍ እያንቋቋ ብዙ ጊዜ አያቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ፓምፑ ቆሞ ነበር መሰለኝ» አልሽ። «ትናንት ከሰዓት ትጠብቅ የነበረችው እትዬ ናት። ስልክ ልታናግር ወጣ ብላ ነበር።»

ስልኬ እኮ ያን ቀን ቤት ቀርቶ ነበር። ፓምፕ ቢቆም ደግሞ ዳሩም መሃሉም አብሮ ይቀልጣል፤ የቆመ ፓምፕ ዳር ያለውን መርጦ አይምርም። ይህን አለቃችን ማወቅ ነበረበት፣ ወይም አውቆ አንድ ጥፋተኛ ይበቃኛል ብሏል። ዞሮ አየኝ። አንቺም አየሽኝ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሆነሽ የእማዬን የአበባ ማስቀመጫ ሰብረሽ ያየሽኝን አስተያየት። ያኔም «እኔ ነኝ» ብዬልሽ ተገርፌያለሁ። አሁንም «እኔ ነኝ» አልኩ፣ ፓምፑ በእኔ ቸልተኝነት ቆመ የሚል ወረቀት ላይ ፈረምኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ። ዳዋስ አፍ የለውም፣ ምን ያድርግ! እኔ አፍ እያለኝ ነው የተመታሁት።

ማታውን ክፍሌ ድረስ መጥተሽ አለቀስሽ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለውን ያን ቀን ነው በዓይኔ ያየሁት። «ስብሰባው ይለፍ እንጂ እውነቱን እነግራቸዋለሁ» ብለሽ በእማዬ ስም ማልሽልኝ። ስብሰባው አለፈ። ሌሎችም ብዙ ስብሰባዎች አለፉ።

እኔን ከማሽኑ ክፍል አንስተው ዕቃ ማጠቢያ አስገቡኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የብልቃጥ አንገት በብሩሽ ስፈትግ ኖርኩ፤ የጣቶቼ ቆዳ ከሳሙናው የተነሳ ሲላጥ ሲላጥ አሁን ስልኬ እንኳ አሻራዬን አያውቀውም። አንቺ ዘጠና ስድስቱን በሳጥን ይዘሽ ወጣሽ። ሪፖርትሽ ላይ «የተመረመሩት ናሙናዎች በሙሉ ጥንካሬያቸውን ጠብቀዋል» ብለሽ ጻፍሽ። እውነትሽን ነው፣ የተመረመሩት በሙሉ። ሦስት ቀን የሚፈጀውን ማድረቅ በሁለት ቀን የጨረሰች ተብለሽ ተጨበጨበልሽ፣ ትልቁ ድርጅት ወሰደሽ፣ የራስሽ ክፍልና በርሽ ላይ ስምሽ ያለበት ሰሌዳ ተሰጠሽ። የሰሌዳውን ፎቶ ለእማዬ ልከሽላት ፍሪጅ ላይ ለጥፋዋለች። ውሃ ልጠጣ ስሄድ ሁሉ አየዋለሁ።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ። ማጠቢያ ክፍል የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ መቶዎቹን ደፍቶ ብልቃጡን ማጠብ ነበር። አልደፋኋቸውም። ከሳሙናው ቁም ሣጥን ጀርባ ባለች ትንሽ ፍሪጅ ውስጥ ከነስያሜያቸው፣ ከነረድፍ ቁጥራቸው አስቀመጥኳቸው። ለእውነት ብዬ እንዳይመስልሽ። ለአንቺ ብዬ ነው። ከፍ ባልሽ ቁጥር ሄጄ ፍሪጁን እከፍትና አያቸው ነበር። «ትውጣ፣ ትውጣ፣ ከፍ ካለ ቦታ ስትወድቅ ይሻላል» እል ነበር። የሰው ልጅ እህቱን እንዲህ ሊጠላ እንደሚችል ከእኔ በቀር ማን ያውቃል? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላልና ጸሎቱንም ትቼው ነበር።

ረቡዕ ስድስቱን ይዤ ጋሼ አጉሊ ዘንድ ሄድኩ። ከሴል ክፍሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ዓይናቸውን ነቅለው የማያውቁት ሽማግሌ፣ ስሙን ያወጣሽላቸው አንቺ ነሽ። ከዘጠና ስድስቱም ያኔ ለምርመራ ሰጥተሻቸው እሳቸው ዘንድ የቀሩ ስድስት ነበሩ። ያ ዙር ለሙከራ ስለነበር ቅንጣቶቹ የያዙት ሴልን አረንጓዴ የሚያበራ ጂን ነው፤ ቅንጣቱ ሕያው ከሆነ ሴሉ ያበራል። ሁሉንም በውሃ ፈትተው ሴሎቹ ላይ ጨመሩ። አርብ ጠሩኝ።

«ነይ እዪ። እነዚህ የዳሮቹ ናቸው።»

አየሁ። ሙሉው አረንጓዴ ነበር።

«እነዚህ ደግሞ የመሃሎቹ።»

ማስተካከያውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዞርኩት። መብራቱ የጠፋ መስሎኝ ቀና አልኩ። «መብራቱስ አልጠፋም» አሉኝ። ቆይተውም «ልጄ፣ ይሄን ያህል ጊዜ ለምን ዝም አልሽ?» አሉኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያልኩ ራሴን ሳጽናና ነበር፣ እሳቸው ፊት ግን ይህን ለማለት አፈርኩ።

ያፈርኩት በፎቶግራፉ ምክንያት ነው። ለምን እንደላክሽልኝ ገብቶኛል፤ «ይህችን ልጅ የያዛት የአንቺ ፊርማ ብቻ ነው እትዬ፣ ሐሙስ መርፌዋ ነው» ብለሻል። የአሥራ አራት ወር ልጅ፣ አንገቷን መያዝ ያልቻለች። ከጀርባዋ የሚደግፋት የእናትየዋ እጅ ነው፤ ከእናትየዋ የሚታየው አራት ጣት ብቻ ነው። እንዳዝን ነው የላክሽው። ጥሩ አደረግሽ፣ አዘንኩ።

ግን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ይህ መድኃኒት አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው። የሞተው ቅንጣትም ቅርፊቱ አለና የልጅቷ ሰውነት ያየዋል፣ ይለየዋል፣ መዋጋቱን ይማራል። በሌላ ጊዜ ደህናው ቢመጣ ከደጅ ይመልሰዋል። የሞተ ብልቃጥ የወሰደ ልጅ ያለችውን አንዲት ዕድል ተቀማ ማለት ነው። ሐኪሙም እናትየዋም «መድኃኒቱ አልሠራላትም» ብለው ወደ ቤት ይሄዳሉ። አንቺንም ማንም አይጠይቅሽም።

በአዲሱ ዘዴሽ ደግሞ ኬኩን የሚያቆም ሌላ ዓይነት ስኳር ጨምረሻል። «አሁን እኮ አንዱም አይሰምጥም፣ ሁሉም ቆንጆ ነው» ብለሽ ጽፈሻል። እንግዲህ ቆሞ የሞተውን ከቆመው ሕያው በዓይን የሚለየው የለም። ማሽንሽ ትልቅ ነው፣ መደርደሪያው አንድ ሺህ ብልቃጥ ይይዛል፤ መደርደሪያ ሲሰፋ ዳሩ ትንሽ ነው፣ መሃሉ ነው የሚበዛው። ለምርመራ ከየት ረድፍ እንደምታወጪ አልነገርሽኝም። ምን ያስፈልጋል? አውቅሻለሁ። እጅሽ ቶሎ ከሚደርስበት፣ ከበሩ ጥግ ነው።

እኔም ከአንቺ አልሻልም። ከሁለት ዓመት በፊት እነዚያን መቶ ብልቃጦች ይዤ ብወጣ ኖሮ ዘዴሽ ያኔ ይቀር ነበር፣ ይህች ልጅም ዛሬ ሦስት ቀን በደረቀ ብልቃጥ ትታከም ነበር። እኔ ግን አንቺ እስክትወድቂ ስጠብቅ ኖርኩ። ያቺ አንገቷን ያልያዘች ልጅ በእኔና በአንቺ መካከል ምን አገባት?

ስለዚህ ቅጹን አልፈረምኩም። በምትኩ ሦስት ገጽ ጽፌአለሁ። መለኪያው ከበሩ ጥግ እንደነበረ፣ መስመሩን አውቄ ክፍት እንደተውኩት፣ ፓምፑ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ እንዳልቆመ፣ ቆሟል ብዬ የፈረምኩት ውሸት እንደሆነ። የጋሼ አጉሊን ውጤትና የተረፉትን ዘጠና አራት ብልቃጦች አያይዣለሁ። በሐሰት የፈረመ ሠራተኛ ማጠቢያ ክፍልም አይቀመጥም፣ እንደሚያባርሩኝ አውቃለሁ። ለማክሰኞ ፈቃድ ወስጃለሁ። ማክሰኞ ጠዋት የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በር ሲከፈት በእጄ አስረክባለሁ።

ለእማዬ ትናንት ሁሉንም ነገርኳት። «የአበባ ማስቀመጫውንም እሷ ናት የሰበረችው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ፍሪጁ ላይ ያለውን ፎቶ አላነሳችውም፤ ዛሬ ግን ስልክ እንዳልደወለችልሽ ልብ ብለሻል።

እኔም ስልክ አልደውልልሽም። በስልክ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ደግሞ ለቅሶሽን አልችለውም፣ ችዬው አላውቅም፣ ይሄ ሁሉ የመጣውም በዚያ ነው። ይህን ደብዳቤ ዛሬ ቅዳሜ ለመልእክተኛ ሰጥቼዋለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ቢሮሽ ስትገቢ ጠረጴዛሽ ላይ ታገኚዋለሽ። ከሰኞ እስከ ማክሰኞ አንድ ቀን አለ። ልምርሽ ብዬ እንዳይመስልሽ፣ አልማርኩሽም። ከእህትነቴ የቀረኝን ስፈልግ ያገኘሁት አንድ ቀን ነው፣ እሱን ሰጠሁሽ። በዚያ ቀን ራስሽ ሄደሽ ብልቃጦቹን ካስያዝሽ፣ የእኔ ወረቀት ሲደርስ አንቺ ቀድመሽ የተናገርሽ ትሆኛለሽ። ካልሄድሽም ሐሙስ ያቺ ልጅ መርፌውን አትወጋም፤ እሱን በእኔ ጣይው።

ዕድሜ ልኬን ቀስ በይ፣ ቆይ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቂ ስልሽ ኖርኩ። አንድም ቀን ሰምተሽኝ አታውቂም። እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ነው፣ ይህን እያነበብሽ ነው። ወንበርሽ ላይ አትቀመጪ። ሊፍቱን አትጠብቂ፣ በደረጃው ውረጂ። ፍጠኚ።

ታላቅ እህትሽ